ያልተላለፈው አሥራ ሁለተኛ ክፍል

ባለፈው ቅዳሜ፣ ጡረታ በወጣሁበት ትምህርት ቤት የምታስተምር አንዲት ወጣት ልትጠይቀኝ መጥታ ስልኳን ዘረጋችልኝ። የድሮ የቴሌቪዥን ድራማ የሚወዱ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ገጽ ነው። አንዱ ይሄኛው ይውጣልን ይላል፣ ሌላው ያኛው በሲዲ ታትሞ ነበር ብሎ ይምላል። የአብዛኞቹ ምኞት አንድ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ታይተው የጠፉት ድራማዎች ከተጣሉበት መጋዘን ወጥተው፣ በሲዲም ይሁን በፍላሽ፣ ቤት ውስጥ ለመታየት ቢበቁ። እያነበብኩ ወደ ታች ስወርድ «ባለ ደርቡ ቤት» የሚል ስም አየሁና መነጽሬን አስተካከልኩ።

ከሥሩ ክርክር ነበር። ሰው ሁሉ ድራማው አሥራ አንደኛው ክፍል ላይ ተቋርጦ እንደቀረ ይናገራል። አንድ ሰው ግን ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። «ተሳስታችኋል። ለምለም በመጨረሻ አገሯ ገብታለች፤ እናቷም ደጅ ቆማ ነው የተቀበለቻት። እኔ ሰቆጣ ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ሴቶች ሲያወሩት ሰምቻለሁ» ብሎ ጽፏል። ሳቄ መጣ። ልጅቷም ምነው ስትል ጠየቀችኝ። ያ ክፍል በየትኛውም ቴሌቪዥን ታይቶ አያውቅም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

ሰቆጣ መምህርት ሆኜ ስመደብ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ጭቃና ጉም ለምጄ ያደግሁ ስለሆንኩ መጀመሪያ የገረመኝ የአገሩ ድርቀት ነው። ከወልድያ የተነሳው አውቶቡስ ገደል ለገደል ሲወጣና ሲወርድ ውሎ ሲያደርሰኝ ፀጉሬም ልብሴም ሻንጣዬም አንድ ቀለም ሆነው ነበር፣ የአቧራ ቀለም። ቤት የተከራየሁት እማማ ወርቄ ከሚባሉ ሴት ግቢ ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ግቢው ውስጥ እሳቸውና እኔ፣ ሁለት ፍየልና አንድ የንብ ቀፎ ብቻ ነበርን። እማማ ወርቄ ቀጥ ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። አፍ የፈቱት በኽምጣና ነው፤ አማርኛውን እንደ ውሰት ዕቃ በጥንቃቄ ይዘው ነበር የሚናገሩት። ምናልባት ለዚህም ይሆናል፣ ከአፋቸው የወጣ ቃል ሁሉ ክብደት ነበረው።

ያኔ ከተማው መብራት የሚያገኘው ከጄኔሬተር ነው፤ እሱም ለጥቂት ሰዓት። የመምህራን ክበብ ግን የራሱ ትንሽ ጄኔሬተር ነበረውና እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይነሳ ነበር። ቴሌቪዥኑን የሚጠብቁት ጋሽ አዳነ የሚባሉ የክበቡ ሠራተኛ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍነው ያስቀምጡታል። ጨርቁን ሲገልጡት ቤቱ እንደ ቅዳሴ ጸጥ ይላል። ስዕሉ በረዶ የዘነበበት ሲመስል አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፤ እኛ ከታች ሆነን «ትንሽ ወደ ኮረም»፣ «በዛ፣ ወደ ላሊበላ መልሰው» እያልን እናዘዋለን። ነርሶች፣ የግብርና ሠራተኞች፣ እኛ መምህራን፣ አብዛኞቻችን ከሌላ አገር ተመድበን የመጣን ነን። ከአግዳሚው ላይ ተጠጋግተን፣ የተቆላ ሽምብራ እየተቀባበልን፣ ለአርባ ደቂቃ ናፍቆታችንን እንረሳ ነበር።

«ባለ ደርቡ ቤት» የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። በአንድ ፎቅ ቤት ላይኛው ክፍል ባለቤቶቹ በውርስ ይጨቃጨቃሉ፤ ምድር ቤት፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ለምለም የምትባል ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ትኖራለች። እኛ ክበቡ ውስጥ የምንከራከረው ቤቱ ለታላቁ ወንድም ይገባል ለታናሹ እያልን ነበር። ለለምለም ልብ ያለው ሰው ትዝ አይለኝም።

የመጀመሪያውን ክፍል አይቼ የተመለስኩ ዕለት እማማ ወርቄ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ። ክበብ ገብተው አያውቁም፤ ቢራ የሚጠጣበት ቤት ነዋ፣ እሳቸው ደግሞ የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው። ምን አይተሽ መጣሽ ሲሉኝ እንዲሁ ለጨዋታ ያህል ነገርኳቸው። ስለ ውርሱ ሳወራ እጃቸው ገብሱን ይለቅማል። ስለ ለምለም ስነግራቸው እጃቸው ቆመ።

«ልጅቱ የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።

ድራማው ገና እንዳልነገረን ነገርኳቸው። በሚቀጥለው እሑድ ከክበቡ ስመለስ ደጅ ላይ ለእኔም በርጩማ ወጥቶ ነበር። ስለ ቤቱ ባለቤቶች ከጀመርኩ በትዕግሥት ያዳምጡኛል፤ ሲሰለቻቸው ግን ለምለም ምን እንደበላች፣ የት እንደተኛች፣ እመቤቲቱ ዛሬም ጮኻባት እንደሆነ ይጠይቁኛል። እኔም በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ክበቡ ውስጥ ተቀምጬ ለምለምን ብቻ ማየት ጀመርኩ። ሰው ለሌላ ሰው ብሎ ሲያይ ዓይኑ ይለወጣል መሰለኝ፤ ያች ልጅ ከበር በስተጀርባ ስታልፍ እንኳ ምን ይዛ እንዳለፈች ልብ እል ነበር።

ነገሩን የገለጠችልኝ ጎረቤታችን ናት። እማማ ወርቄ ሙሉ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ሊድሯት ጠላው ተጠምቆ፣ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ ልጅቷ ማንም ሳያያት በጭነት መኪና ወጥታ ሄደች። አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥራለች ተባለ። እዚያ ዘበኛ የሆነ የአክስቷ ልጅ «ይቅርታ ጠይቅልኝ ብላለች» ሲል መልእክት ቢልክ፣ እማማ ወርቄ በሰው ፊት «እኔ ልጅ የለኝም በሏት» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ጠፋ። እሳቸውም ስሟን አንስተው አያውቁም።

አሥራ አንደኛው ክፍል የታየው ከፋሲካ በፊት ባለው እሑድ ነው። ለምለም እመቤቲቱ ከእናቷ የሚላኩላትን ደብዳቤዎች ስትደብቅባት እንደኖረች አወቀች። ልብሷን በነጠላ ጠቅልላ ወጣች። አውቶቡስ ተራ ቆማ ወዲያና ወዲህ ስታይ ሙዚቃው መጣና አለቀ።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ አዳነ ጨርቁን ሲገልጡ የመጣው ዘፈን ነው። በሳምንቱም ዘፈን፤ በሌላው ሳምንት ኳስ። ለምን እንደቆመ የነገረን የለም። እኛ አጉረምርመን ወደ ኳሱ ዞርን። እማማ ወርቄ ግን ገብሱንም ተዉት። አልነበረም ባልኳቸው ቁጥር ፊቴን ለረጅም ጊዜ ያዩኛል። በሦስተኛው እሑድ እህል አልቀምስ ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተው አገኘኋቸው። ታመው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ሞታለች» አሉኝ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ። «ሞታ ነው የደበቁን።»

ስለ የትኛዋ ልጅ እንደሚያወሩ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አስቤበት ያደረግሁት አልነበረም፤ አፌ ቀደመኝ። ዛሬ ቀጥሏል፣ አልሞተችም፣ አውቶቡስ ላይ ወጥታለች አልኳቸው። ቀስ ብለው ተነስተው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ለአራት እሑድ ዋሸሁ። ክበቡ ሄጄ ኳስ አይቼ እመለስና ደጅ ላይ ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛውን ክፍል በቁርጥራጭ እነግራቸዋለሁ። መንገዱን የራሴን መንገድ አደረግሁላት፤ አቧራውን፣ ገደሉን፣ አጠገቧ ያስመለሰውን ወታደር፣ ብርቱካን ያካፈለቻትን ሴት። እማማ ወርቄም በማግሥቱ ለማኅበርተኞቻቸው ያወሩታል። በአራተኛው እሑድ ለምለምን ከእናቷ ደጅ አደረስኳትና ጨነቀኝ። እናትየዋ ምን እንደምትል አላውቅም ነበር። እኔ እናት አይደለሁም፤ ልጅም ሄዳብኝ አታውቅም። እዚህ ላይ ቆመ፣ የቀረው ለሳምንት ነው አልኳቸው።

ሳምንቱን አልጠበቁም። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ከሱቅ አስገዝተው ጠበቁኝ። «ጻፊልኝ» አሉ።

ከዚያ ደብዳቤ ሁሉንም አላስታውሰውም። መጀመሪያው ግን እንዲህ ነበር፦ «ልጅ የለኝም ያልኩት በንዴት ነው። ልጅ አለኝ። ስሟ ሙሉ ነው። ጠላውንም ሰው ጠጥቶታል፣ ሠርጉም ተረስቷል፣ ደጁ አይቆለፍም።» መጨረሻው ላይ አማርኛው አልበቃ አላቸው። ሕፃን ሳለች የሚጠሯትን አንድ ቃል በኽምጣና ነገሩኝ፤ እኔም ድምፁን እየሰማሁ በፊደል አስቀመጥኩት። እዚህ አልጽፈውም፤ የሁለቱ ነው። ደብዳቤውን ማር ይዞ አዲስ አበባ የሚወርድ አንድ የሰፈራችን ነጋዴ ለዚያ ዘበኛ ዘመዷ እንዲያደርስ ተቀበለን።

ግንቦት አለፈ፣ ሰኔም። ዝናቡ ሲገባ መንገዱ እየተቆረጠ አውቶቡሱ አንዳንዴ ለቀናት ይቀር ነበር። እማማ ወርቄ ወደ ገብሳቸው ተመለሱ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እሳቸውን አዋርጄ፣ ከሌለ ታሪክ ተነስቼ፣ መልስ የማይመጣለት ደብዳቤ አስጽፌያቸው ቢሆንስ?

የፍልሰታ ጾም በገባ በሳምንቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጠን የቁልቋል በለስ እንልጣለን፤ እሳቸው በቢላዋና በእንጨት ሲልጡ አንድ እሾህ አይነካቸውም ነበር፣ የዚያን ዕለት ግን እጃቸው ሁሉ እሾህ ሆኖ ነበር፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ስለሆነ ይመስለኛል። በሩ ተንኳኳ። ክፍት ነበር፣ ግን ተንኳኳ። አንዲት ቀጭን ልጅ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ አትገባም አትወጣም። እማማ ወርቄ ተነሱ፤ እጃቸውን ዘርግተው ወደ እሷ ሄዱና ልክ ሲደርሱ እጃቸውን አይተው ቆሙ።

«እጄ እሾህ ነው» አሏት።

ልጅቷ እጃቸውን እንዲያው ከነእሾሁ ያዘችው። እኔ ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ አብረን ማዕድ ላይ ሳለን እማማ ወርቄ ለሙሉ ስለ ለምለም ያጫውቷት ጀመር፤ ስለ ወታደሩ፣ ስለ ብርቱካኗ። ሙሉ ግራ ገብቷት፣ እሷም ድራማውን ከተቀጠረችበት ቤት ሆና እንዳየችው፣ አውቶቡስ ተራው ላይ እንደተቋረጠ፣ ወታደር የሚባል ነገር እንዳልነበረ ተናገረች። እማማ ወርቄ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ። አላዩኝም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አምስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ጠዋት ስወጣ ሰላምታዬን ለፍየሎቹ የሰጠሁ ያህል ነበር። ቤት ልቀይር አስቤ ልብሴን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር።

ጾሙ በተፈታ ዕለት ሻደይ ነው። ልጃገረዶቹ ሣራቸውን ከወገባቸው ታጥቀው ከበሮ እየመቱ ሰፈሩን ሲዞሩ፣ ሙሉ «ዕድሜዬ አልፏል» ብላ ብትለምንም እናቷ ገፍተው አስወጧት። ከዚያ የእኔን በር አንኳኩ። የዶሮ ወጥ ይዘው ነበር። ሳህኑን አስቀምጠው አልተቀመጡም።

«ልጄን ያመጣት የጻፍኩት ነው፤ የጻፍኩት እውነት ነው። አንቺ የነገርሽኝ ውሸት ነው። ሁለቱ አይደባለቁ» አሉኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ። «ብዪ አሁን። ከእንግዲህ ካልታየ፣ አልታየም በዪኝ። እችለዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት እሳቸው ግቢ ኖሬያለሁ። ሰቆጣ አግብቼ፣ ወልጄ ቀረሁ። ስንት ድራማ ነገርኳቸው፤ አሰልቺውን አሰልቺ ነው እያልኩ፣ የተቋረጠውን ተቋረጠ እያልኩ። ለማኅበርተኞቻቸው ግን የለምለምን ነገር አላስተባበሉም መሰለኝ፤ እንግዲህ ገጹ ላይ የሚከራከረው ሰው የሰማው ከነሱ ነው። እናትየዋ ደጅ ቆማ መቀበሏን እኔ አልተናገርኩም፤ ሴቶቹ ከሙሉ መመለስ ወስደው ሳይጨምሩበት አልቀሩም።

እማማ ወርቄ ካረፉ ቆይተዋል። ሙሉ አምደወርቅ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ ልጆቿ ዩኒቨርሲቲ ደርሰዋል። ወጣቷ መምህርት ከሄደች በኋላ ለሙሉ ደወልኩላትና በገጹ ላይ ያየሁትን ነገርኳት። ስንስቅ ቆየን። ድራማው ተገኝቶ ቢወጣ ታዪዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ያኔ እኮ ያየሁት ቆሜ ነው» አለችኝ። «ሳሎኑ በር ላይ፣ ሳህን ይዤ። አንድ ጆሮዬ ወጥ ቤት ነበር፤ ግማሹን አልሰማሁትም።»

ይህን ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ነግራኝ አታውቅም። የድሮ ካሴቶች በላያቸው ሌላ ነገር እየተቀዳባቸው ጠፍተዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ብዙም ተስፋ የለኝም። ቢሆንም በማግሥቱ ለወጣቷ መምህርት ደውዬ፣ ከዚያ ገጽ ላይ የእኔንም ስም አስገብታ ይውጣልን ብላ እንድትጽፍልኝ ለመንኳት። መጨረሻው ባይኖርም ግድ የለኝም። ሙሉ ከአምደወርቅ ትመጣለች፣ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፣ አሥራ አንዱንም ክፍል ማንም ሳይጠራት ታያለች።