በእርድ የተነከረ ነጠላ

ቴፒ ውስጥ እርድ የሌለበት ጓሮ ማግኘት ያስቸግራል። እኔ በምኖርበት አማን ደግሞ ጎረቤቴ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ነበር። እርዱንና ሸማኔውን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ኬሚስትሪ አስተምር ስለነበር፣ የፋብሪካ ቀለም ወንዝ እንደሚበክል፣ በእርድ የተነከረ የእጅ ሽመና ግን ምድርን እንደማይጎዳ ማስረዳት አያቅተኝም ነበር። አስረዳሁት።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ነጭ ነጠላ ብቻ የሠራ ነው። እንጀራው የቆመው የሰፈሩ ሴቶች በእጁ ሥራ ላይ ባላቸው እምነት ነበር።

«መምህርት፣ ይለቃል?» አለኝ፣ ከሽመና ጉድጓዱ ሳይወጣ።

«አይለቅም፣ ጋሼ።»

ሚስቱ ከእንዝርቷ ቀና አለች። «የእኔን ቀሚስ ጠይቀው! አልጫ ከፈሰሰበት ሦስት ዓመቱ፤ ዛሬም አልጫ ነው።»

ሦስታችንም ሳቅን። መልሴ ውሸት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር። እርድ ሳሙና ሲነካው እንደሚቀላ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ በሙከራ አሳያቸዋለሁ። ለሸማኔው ላሳየው የነከርኩትን ናሙና ግን በንጹሕ ውኃ ብቻ አጠብኩት። ቢጫው አምሮ ነበርና እንዲበላሽብኝ አልፈለግሁም።

ሸማኔው ለመስቀል የታዘዘውን ሁሉ በቢጫ ሠራው። በዓሉ በሰላም አለፈ፤ ነጠላዎቹ ገና አልታጠቡም። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ በሳሙና አጥበው ሣር ላይ አሰጧቸው። በደንብ ያልተለቀለቀው ቦታ ሁሉ ቡናማ ቀይ ሆኖ ደረቀ።

አንዷ ሳታስተውል ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እድፉ በጀርባዋ በኩል ከወገቧ በታች ነበር። ደም ያለባት ሴት ከቅጥሩ አትገባም፤ አንዲት አሮጊት በሕዝብ ፊት ክንዷን ይዘው ከበር መለሷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎረቤቴ ሥራ «የደም ነጠላ» ተባለ።

ሸማኔው ቤቴ መጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ምክንያቱን ነገርኩት፤ ሎሚ ሲነካው ወደ ቢጫነቱ እንደሚመለስም ጨመርኩ።

«ሎሚ ይዤ በየቤቱ ልዙር?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለው? ደም አይደለም ብለው?»

ከተቀመጠበት ተነሣ።

«እንደሚቀላ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ እኮ ባላውቅ ነው የጠየቅሁዎ» አለና ወጣ።

ወደ ነጩ ተመለሰ፤ ገዢ ግን አላገኘም። ሴቶቹ ነጩም ይቀላብናል ብለው ፈሩ። በቡና ለቀማ ወቅት ባልና ሚስቱ በቀን ሠራተኝነት ወደ ቴፒ ወረዱ፤ አልተመለሱም። ቤቱን የተከራዩት ሰዎች ጉድጓዱን በአፈር ሞሉት።

በዚያው ዓመት ስለ ተፈጥሮ ቀለሞች ጥናት አቀረብኩ፤ ተጨበጨበልኝም። ስለ ሳሙና አንድ ዓረፍተ ነገር አለበት። ስህተት የለውም።