ሦስተኛው «በቃኝ»

ሌሎች ሲጽፉ በሌሊት ወጣን ይላሉ። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ የሊሙ ገነት ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ሆን ብዬ ነው። ወደ ጂማ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሁለት ሰዎች ደግፈው ሲያስገቡኝ ቀኝ እግሬ እንደ ዘነዘና ቀጥ ብሎ ከበሩ ውጭ ቀረ። ሾፌሩ በሁለት እጁ አንስቶ እንደ ዕቃ አስገባው። የባሌ እህት ከሱቋ ደጃፍ ቆማ ነበር። ለጎረቤቷ፣ ግን እኔ እንድሰማው፣ «በእግሯ ያልሄደች በእግሯ አትመለስም» አለች።

ስሟን አልጽፍም። ልጄ ራውዳ አዳዳ ትላታለች፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። እኔም እዚህ ላይ እንዲሁ ልጥራት፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ሃያ ዓመት በቡና መጋዘን ወለል ላይ እግሬን አጥፌ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ስለቅም ኖሬ ጉልበቴ ሲያልቅ፣ «ኩራት እንጂ ሕመም አይደለም» ብላ ያስወራችብኝ እሷ ናት። ባሌ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ላይ እግሬን ዘርግቼ ብቀመጥ «አላዘነችም» ያለችውም እሷ ናት። ሻንጣዬ ቀላል ነበር፤ ይህን ግን ይዤ ነው የወጣሁት።

የቀበሌውንም ሊቀመንበር ሳላነሳ አላልፍም። ለሕክምና ውጭ ለመሄድ የእሱ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። እናቱ የምሆን ሴት ነኝ፤ «አንቺ» አለኝ።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ጉልበቴን። አልታጠፍ አለኝ።»

«ያልታጠፈ ጠላት የለም። የሚያስፈልገው ትግል ነው።»

እንግዲያው እርስዎ ይታገሉልኝ፣ እኔ ልቀመጥ፣ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። በዚያ ጉልበት ሦስት ጊዜ አመላለሰኝ። በአራተኛው ፈረመ። እንዴት እንደፈረመ እኔና እሱ እናውቃለን።

ራውዳ ሃምቡርግ በሚባል ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ትሠራለች። እሷ ዘንድ ስደርስ መጀመሪያ ያናደደኝ ብርዱ አይደለም፣ ቡናቸው ነው። የኛው ነው፤ ሱቅ ውስጥ በቆመ ጆንያ ላይ ጂማ የሚል ጽሑፍ ራውዳ አንብባልኛለች። ጉልበቴን የጨረስኩበትን ፍሬ ወረቀት ላይ አፍስሰው፣ ውሃ አሳልፈውበት፣ እሰይ ብለው ይጠጡታል። እኔም ጠጣሁት። እንግዳ ነኝ።

ሐኪሞቹ ያለቀውን ጉልበቴን አውጥተው የብረትና የፕላስቲክ ጉልበት አስገቡልኝ። ብረቱ ደህና ተቀመጠ። ጭኔ ግን ሞተ። እግርሽን ከአልጋው አንሺ ሲሉኝ ልቤ ይነሣል፣ እግሬ አይነሣም። ጡንቻው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሥራውን ረስቷል አሉ።

ችግሩ ራውዳ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑ ነው። ሊፍት የለም። ከሆስፒታል ስወጣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ በወንበር ተሸክመው አወጡኝ፤ ወንበሩ ግድግዳውን ጫረው። አከራዩ ሄር ሎማን፣ አቶ ሎማን እንደማለት ነው፣ ከበታቻችን ይኖራል፤ ጭረቱን በማስመሪያ ለካ። ከዚያ ራውዳን ጠራትና እናትሽ ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከዘራዋን ወለል ላይ ታንኳኳለች፣ ያ የጸጥታ ሰዓት ነው አላት።

«ሕመምተኛ ናት» አለችው።

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ትታመም።»

ሳቅን። በማግስቱ ግን ሳቃችን ተወሰደ። በእኔ ደረጃ ላይ ሰው በወንበር አይመላለስም፣ ፋሲካችን ሳይደርስ በገዛ እግሯ ካልወጣች ቦታዋ አልተርስሃይም ነው አለ ሄር ሎማን። አልተርስሃይም አረጋውያንን ሰብስበው የሚያኖሩበት ቤት ነው። የመንግሥት እርዳታ ቢሮዋ ሴትዮም ቅጹን አወጣች፤ ቤቱ ከከተማ ውጭ፣ ከራውዳ በባቡር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ባሕር አቋርጬ የመጣሁት ከልጄ ጋር ልኖር እንጂ ከማላውቃቸው አሮጊቶች ጋር በመስኮት ዝናብ ልመለከት አይደለም።

ያለኝ ተስፋ ሆስፒታሉ ውስጥ ያለ አንድ ማሽን ነበር፤ የራውዳ ባልደረቦች ወንበሩን ትተው በጀርባቸው እያዘሉ ያመላልሱኝ ጀመር። ራይትስሽትሮም ይሉታል፤ ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ ሣጥን ነው። ፍራው ዊንተር፣ ወይዘሮ ዊንተር ማለት ነው፣ የምትባል ቀጭን ባለሙያ ሁለት እርጥብ ስፖንጅ ጭኔ ላይ በቀበቶ ታስራለች፤ ከስፖንጁ ሽቦ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል። የሣጥኑን ቁልፍ በቀስታ ታዞራለች። ኤሌክትሪኩ ጥቂት ይመጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ሲመጣ እኔም አብሬው ጭኔን ማጥበቅ አለብኝ። ሲበቃሽ ጌኑግ በዪኝ አለችኝ፤ በቃኝ ማለት ነው።

እኔም እሷ ቁልፉን ነካ ስታደርገው፣ ገና ጉንዳን የሄደብኝ ያህል ሲሰማኝ፣ ጌኑግ እላለሁ። ቁልፉን ታቆማለች። ዳንከ፣ አመሰግናለሁ፣ እላታለሁ። ጉንዳኑ ሲሄድ እንቆይና ወደ ቤት። ስንት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ጭኔ እንደተኛ ነው። ሐኪሙ አየና ጡንቻው አይመለስም ብዬ ለቢሮው እጽፋለሁ አለ።

ያን ጊዜ ራውዳ ፈቃድ ወስዳ አብራኝ ሄደች። ፍራው ዊንተር ቁልፉን ነካች፤ ጌኑግ አልኩ፤ አቆመች። ራውዳ እኔን አየች፣ እሷን አየች፣ ከዚያ ፊቷን ሸፍና ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ።

«እማማ፣ እውነት በቅቶሽ ነው?»

«ምን ይበቃኛል? ትጨምራለች ብዬ ነው እንጂ።»

«ስንት ጊዜ እስክትለምንሽ?»

ያኔ ገባኝ። ሰው ቤት ወጥ ሲጨመርልኝ በመጀመሪያው እሺ ብዬ አላውቅም። በቃኝ እላለሁ፤ የቤቱ እመቤት ወላሂ ትላለች፤ በቃኝ እላለሁ፤ ትጨምራለች። እኔ በጨዋ ደንብ እስክትለምነኝ ስጠብቅ፣ ጀርመኗ ደግሞ በእሷ ደንብ ቃሌን አክብራ ስታቆም፣ እግሬ በሁለት ጨዋ ሴቶች መካከል ሊቀር ነበር።

ራውዳ አስረዳቻት። የመጀመሪያው ጌኑግ ለወግ ነው፣ ሁለተኛው ለይሉኝታ ነው፣ ሦስተኛው ነው የእውነት አለቻት። ፍራው ዊንተር አልሳቀችም። ወረቀት አውጥታ ጻፈችው። ከዚያ ቁልፉን አዞረች።

«ጌኑግ።»

ቀና ብላ አየችኝና ጨመረች።

«ጌኑግ።»

ጨመረች። እናንተ ሆዬ! ጭኔ ከጆንያ ሥር አይጥ የገባ ይመስል ተንፈራገጠ፤ ከዚያ ተሰብስቦ ድንጋይ ሆኖ ቆመ። የጉልበቴ ሎሚ ወደ ላይ ተሳበ። ተረከዜ ከአልጋው ለቀቀ፤ በጣት የምትለካ ታህል፣ ግን ለቀቀ። ያማል፤ ግን የኔ ነው፣ ለቅሶ ላይ ሲዘረጋ የተወራበት እግር ነው የተነሣው። ሦስተኛውን ጌኑግ ጮኬ አልኩት። እሷም ያለ ማሽኑ አንድ ጊዜ ሞክሪ አለችኝ። ኤሌክትሪክ የለም፤ እግሬ ግን መንገዱን አስታወሰ።

ከዚያ ወዲህ ቀን አልቆጠርኩም። በሳምንት ሦስት ጊዜ ማሽኑ፣ ቤት ውስጥ ፎጣ ከጉልበቴ ሥር ጠቅልዬ መቶ ጊዜ ማጥበቅ። ፋሲካቸው አራት ቀን ሲቀረው፣ በስምንት ሰዓት፣ በትክክል በጸጥታው ሰዓት፣ ከዘራዬን ለራውዳ ሰጥቼ ደረጃውን ጀመርኩ። ደህናው እግር ወደ ላይ፣ ብረቱ ይከተላል። አንደኛ ፎቅ። ሁለተኛ። ሦስተኛው ላይ ሄር ሎማን በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ የሚሰማ ድምፅ ፈልጎ አጣ። «ከዘራውስ?» አለ። ራውዳ፣ «ጸጥታ ሰዓት ነው» አለችው። አራተኛ ፎቅ በገዛ እግሬ ደረስኩ። ቅጹ ተቀደደ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ለአዳዳ መንገር። ሊሙ ገነት ቴሌ እንድትቀርብ ቀጠሮ አስይዘን ጠራናት። «አራት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ» የሚለውን ስንት ቀን ተለማመድኩት። ከሰላምታው በኋላ እንዴት ነሽ አልኳት። አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ አለች። ከኋላዋ ሰው፣ ወንበሩን አስጠጉላት ሲል ሰማሁ። ደግሜ ጠየቅኋት። ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ አለች። በሦስተኛው፣ «በአላህ እትዬ፣ እውነቱን» አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጉልበቴ ነው» አለች። «አልታጠፍ አለኝ። ተሸክመው ነው ያመጡኝ።»

መስመሩ ተቆረጠ። የተለማመድኩት ቃል አፌ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ደጋግመን ደውለናል፤ አትገኝም ይሉናል፣ ወይም መስመር የለም።

ይህን የሚያነብ፣ ወደ ሊሙ ገነት የሚሄድ ሰው ካለ ከገበያው ማዶ ሱቋ ድረስ ይሂድልኝ። ፎጣ ጠቅልላ ከጉልበቷ ሥር አድርጋ ጭኗን በቀን መቶ ጊዜ ታጥብቀው፣ እንዳይሞትባት። ከኔ መሆኑን አትንገሯት። ደህና ነኝ ካለቻችሁ ግን እንዳትመለሱ፤ ሦስት ጊዜ ጠይቋት።