ክዳኑን ማን ነቀለው?

ሰፈሩ ልጅቷን «ጠበቃዋ» ይላታል። ገና በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ሰው ሲበደል አይታ ዝም ስለማትል የወጣላት ስም ነው። አባቷና እኔ አንድ ዳቦ ቤት ነበር የምንሠራው፤ እሱ ሊጥ አቡኪ፣ እኔ ሊጥ ቆራጭ። የሆነውን ባነሳሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከሁሉ በላይ የምናደደው ደግሞ በራሴ ነው።

ያ ዓመት ክፉ ነበር። ዱቄት እሳት ሆነ፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሁለት ዳቦ ቤቶች ተዘጉ። የኛው ባለቤት ግማሾቻችንን አሰናብቶ የቀረነውን የሁለት ሰው ሥራ ያሠራን ጀመር። የሊጥ ማቡኪያው ማሽን የብረት ክዳን ነበረው፤ ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑ በራሱ ይቆማል። አንድ ሰኞ ባለቤቱ ራሱ መፍቻ ይዞ መጣና ክዳኑን ከነማቆሚያው ነቀለው።

«በየደቂቃው እየቆመ ሥራ ገደለብን። እየዞረ ዱቄት ይጨመርበት!»

ጠበቃዋ የአባቷን ምሳ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ጋሼ፣ እጁን ቢይዘውስ?» አለችው።

«አባትሽ ሕፃን ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። አዎ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ማሽኑ የአባቷን ቀኝ እጅ ያዘው። ሦስት ጣቶቹ ሄዱ። ጩኸቱን አላወራውም። ባለቤቱ ሮጦ ሲገባ ግን መጀመሪያ ከአፉ የወጣው «ሊጡ ተበላሸ?» የሚል ነበር። ከሰዓት በኋላ ክዳኑ ቦታው ተመልሶ በአዲስ ብሎን ታሰረ።

ልጅቷ ግን ሐኪም ቤት ሮጣ ደርሳ «ክዳኑን ነቅለውት ነው» ብላ ለሐኪሙ አስጽፋ ነበር።

ቅዳሜ ባለቤቱ እኔን ዳቦ አሸክሞ ቤታቸው ሄደ። አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል። አባትየው የታሸገ እጁን ትራስ ላይ አስደግፎ ተኝቷል። እናትየው ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ከተባረረች አምስት ወሯ ነው፤ ትንሹን ልጅ ታቅፋ ቆመች።

«ሐኪም ቤቱ አሳውቆ ማክሰኞ ከሠራተኛ ቢሮ ተቆጣጣሪ ትመጣለች» አለ ባለቤቱ። «ክዳኑ ነበረ፤ እሱ ነው ከፍቶ እጁን የከተተው። ሠራተኞቹ ተስማምተዋል። ልጅቷ ‹ተሳስቼ ነው› ካለች፣ እናቷን በማግስቱ ሥራ አስገባታለሁ። እምቢ ካላችሁ ግን ከኔ ምንም አትጠብቁ።»

እሱ እንደወጣ፣ እኔ ዳቦውን እያስቀመጥኩ ሳለ፣ እናትየው «ልጄ፣ ተሳስቼ ነው በይ። ወንድምሽ ምን ይብላ?» አለች።

ልጅቷ ወደ አልጋው ዞረች። «አባዬ፣ አንተስ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ይታያችሁ! ጎረምሳ እንኳ የማይችለውን ሸክም፣ ትልልቆቹ ሁላችንም ተባብረን አንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ ጣልነው።

እሑድ ጠዋት ቤቴ መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ አልቅሳ ነው ያደረችው።

«እትዬ፣ እርስዎ እውነቱን ቢናገሩ እኮ እኔ ከእናቴ ጋር አልጣላም ነበር።»

«እኔም ልጆች አሉኝ» አልኳት።

«እኔም ልጅ ነኝ» ብላኝ ወጣች።

ማክሰኞ ተቆጣጣሪዋ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ አጠገብ ደርድራ ጠየቀችን። «ክዳኑ ነበረ» አለ ጋጋሪው። «ነበረ» አለ ዱቄት ተሸካሚው። እኔም መሬት መሬት እያየሁ «ነበረ» አልኩ። ከዚያ የልጅቷ ተራ ደረሰ። እናቷ እጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛታለች። መንጭቃ አስለቀቀች።

«ክዳኑን ጋሼ ነው የነቀለው፤ ሰኞ ዕለት። እነዚህ ሁሉ አይተዋል። እናቴም ዋሺ ያለችኝ ፈርታ ነው፤ እሷን አይቆጧት።»

ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ የሚያብረቀርቁትን ብሎኖች አየች። ማሽኑ ሁሉ የደረቀ ሊጥ ለብሶ እነሱ ብቻ ንጹሕ ነበሩ። ቀና ብላ ተራ በተራ አየችን።

ዳቦ ቤቱ ለሁለት ሳምንት ታሸገ። እናትየው ሥራውን አላገኘችም፤ የሰው ልብስ እያጠበች ቤቱን ያዘች፣ ልጇንም ወር ሙሉ አኮረፈቻት። ባለቤቱ ካሳውን ላለመክፈል ተከራከረ፤ «የሕፃን ቃል ነው» እያለ ሰባት ወር አጓተተው። ሰፈሩ ደግሞ «እንጀራችንን የዘጋች» እያለ ጣቱን ይቀስርባት ጀመር። አንድ ቀን ጋጋሪው ይህንኑ ሲደግም ሊጡን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

«እሷ ናት የዘጋችው? እኛ አይተን የዋሸነውስ?»

ሽርጤን ሳልፈታ የተቆጣጣሪዋ ቢሮ ድረስ ሄጄ ያየሁትን ተናገርኩ፣ ፈረምኩ። በዚያው ቀን ከሥራ ተባረርኩ። ካሳው እኔ ከፈረምኩ በሦስተኛው ወር ወጣ፤ አባትየው በግራ እጁ መሥራት እየተለማመደ ነው።

ሰው ሲያገኘኝ «ጎበዝ፣ ደፈርሽ» ይለኛል። እናደዳለሁ። ያቺ ልጅ ከእናቷ ጋር ሳትኳረፍ፣ መንገድ ላይ ጣት ሳይቀሰርባት መናገር እችል ነበር። ያን ማክሰኞ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ።