ሰይድ ድምፁን ያላነሳበት ቀን

ባለፈው እሁድ መርሳ፣ በረንዳችን ላይ፣ የልጅ ልጄ በስልኳ ስፓኒሽ ታጠናለች። ግሱን እየቆራረጠች «ካን-ታ-ባ-ሞስ» ትላለች፤ እንዘፍን ነበር ማለት ነው። «አባባ፣ የቱ ጋ ነው የሚጠነክረው?» አለችኝ። «ታ ላይ» አልኳት ሳላስብ። ከዚያ በኋላ ምሳም አልበላልህ አለኝ።

እኔና ጓደኛዬ ሰይድ ስፓኒሽ የተማርነው በደርግ ጊዜ፣ ኩባ ተምሮ ከመጣ አንድ መምህር ነው። ሰይድ ከመርሳ አጠገብ ካለችው ከግራና የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። መምህሩ ግሱን በጭብጨባ ያስቆርጠን ነበር፤ ድምፁ በሚጠነክርበት ላይ ጭብጨባውም ይጠነክራል። ሰይድ መንዙማ ላይ ሲያጨበጭብ ያደገ ስለሆነ አንዴም አይስት። እኔ ግን እጄ ወዲያ፣ አፌ ወዲህ። አስጠንቶ ለፈተና ያበቃኝ እሱ ነው፤ ምን ይደረግ፣ እውነቱ ይሄው ነው።

ኩባ ሄዶ ለመማር አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ። ፈተናው ወልድያ ነበር፣ ጥቅምት ላይ። በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለን የማሽላ እሸት እየቃምን ሄድን። «ማናችንም ብንሄድ ያው ነው» አለኝ ሰይድ። ለእኔ ግን ያው አልነበረም።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፤ መሃል የተቀመጡት ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ሁለታችንንም አንድ ላይ አስገቡን። ሰይድ ሽማግሌውን ሲያይ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ አንገቱን ደፋ። በትልቅ ሰው ፊት ድምፅ ማንሳት ነውር ነዋ። በእኛም ቤት ነውር ነበር፤ እኔ ነኝ የዚያን ቀን የረሳሁት። ግሶቹን ሁሉ በትክክል ቆራረጣቸው፤ ግን አንዱንም ሳያጠነክር፣ በለሆሳስ።

«አጥንቷል፤ ድምፁ የት እንደሚነሳ ግን አያውቅም» አሉ ሽማግሌው። ወደ እኔ ዞረው «አብራችሁ ነው የተማራችሁት፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ያውቃል፤ እርስዎን አፍሮ ነው» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። «እንጃ» አልኩ። ከዚያ ተራዬ ደረሰና ጉሮሮዬ እስኪነቃ እየጮህኩ አነበብኩ።

ኩባ እርሻ ተምሬ ስመለስ የተመደብኩት እዚሁ ወረዳችን ሀብሩ ሆነ። የሰይድ ማሳ ላይ ቆሜ ስለ ብርቱካን በሽታ አስረዳዋለሁ፣ እሱ አንቱ እያለ ያዳምጠኛል። እኩያዬ እኮ ነው! «ኧረ አንተ በለኝ» ስለው፣ «ወላሂ አይሆንም፣ የተማሩ ሰው አይደሉም እንዴ?» ይለኛል።

«እንጃ» ስል አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም። ዛሬም መርሳ ገበያ ስንገናኝ ይቅርታ ልጠይቀው አፌ ላይ ይመጣና፣ «እንዴት ነዎት?» ብሎ ከወገቡ ጎንበስ ሲልልኝ ይጠፋብኛል። ምነው አንዴ በሰደበኝ።