ተቀባይ ያጣው ዘፈን

ስለ አንዲት እናት የሚያወራውን ያን ሙዚቃዊ ቲያትር ያላየ ሰው አርባ ምንጭ ውስጥ ካለ እንግዳ ነው። እኔማ በወጣትነቴ መድረኩ ላይ የእናቲቱን ዘፈን የማወጣው ራሴ ነበርኩ። ስለዚህ ወጣቶች ፊልም አድርገውት፣ አዲስ አበባ ለሚደረገው የፊልም ውድድር ይለፍ አይለፍ የሚለውን ከዚያው ከመጣ ባለሙያ ጋር እንድዳኝ ስጠራ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሲቀላ ሰፈር ያለው አዳራሽ በር ላይ ከባጃጅ የወረድኩት ከሰዓቱ ቀድሜ ነው።

የፊልሙ አዘጋጅ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች የካምባ ወረዳ ልጅ ናት። በሩ ላይ ጠብቃኝ ጉዷን ነገረችኝ። አባቷ ወረዳው መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝተውላታል፤ ፊልሙ ካላለፈ ነገ ይዘዋት ሊመለሱ መጥተዋል።

"እትዬ፣ እንደ ዳኛ እንጂ እንደ ዘመድ እንዳያዩልኝ" አለችኝ።

"አይዞሽ፣ ለዘመድማ ይብስ ጥብቅ ነኝ" አልኳት።

አዳራሹ በከተማው ሰው ሞልቷል፤ አባትየው ከፊት ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ፊልሙ ጀመረ። እኛ ለመድረኩ አቡጀዲ ቀለም ቀብተን የሠራነው ሐይቅ እውነተኛው አባያ ሆኖ ሲመጣ ልቤ ዘለለ። የዘፋኟ ድምፅ ከእኔ ይበልጣል፤ ትንሽ ቀናሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

የእናቲቱ ዘፈን ላይ ግን ጉድ ፈላ። እኛ ጋ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ሁሉ ይቀበላል። እናቲቱ አወጣች፣ ፊልሙ ውስጥ የሚቀበል የለም፣ ዝም። ደግማ አወጣች፣ አሁንም ዝም። ከአዲስ አበባ የመጣው ባልደረባዬ "ድምፁ ተቆርጧል" ብሎ አንሾካሾከልኝ። እኔም በልቤ፣ ይቺ ልጅ አበቃላት አልኩ።

እናቲቱ እንደገና ስታወጣ ከተመልካቹ መሃል፣ ከኋላ፣ አንዲት ሴት ተቀበለች። ከዚያ ጎረቤቶቿ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ለካ ልጅቷ ቦታውን ባዶ የተወችው ለእኛ ነው። ዳኝነቴን ረስቼ፣ እስክሪብቶዬን ጥዬ፣ ተነስቼ ተቀበልኩ። መድረክ ላይ ሳለሁ እንኳ እንዲህ ሞቆኝ አያውቅም።

መብራት ሲበራ ውሳኔውን በሰው ፊት መናገር ነበረብን። የባልደረባዬ ዓይን ቀልቷል፤ ግን ሐቀኛ ሰው ነው።

"እዚህስ እሺ" አለ። "አዲስ አበባ ግን ማን ይቀበልላታል?"

እውነቱን ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

አባትየው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ።

"እኔ አብሬያት ሄጄ እቀበላለሁ" አሉ። "የወረዳው ሥራ ይቆይ።"