ሸነን ላይ ያልቀመስኩት ጨጨብሳ

ከአምቦ የተነሣሁት ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ቢሆንም የጤና ጽሕፈት ቤት የቀድሞ ባልደረቦቼ የትምህርት ጽሑፍ ሲያስፈልጋቸው ዛሬም ይጠሩኛል፤ ይህም ደስ ያሰኘኛል። በዚህ ጊዜ የሸነን ሴቶች ለኤች አይ ቪ ምርመራ አልመጣ ስላሉ፣ አዲስ ያዘጋጀሁትን መልእክት ራሴ ሄጄ እንዳነብላቸው ተጠየቅሁ።

ጉደርን አልፈን ሽቅብ ስንጓዝ አቧራው በተዘጋው መስኮት ሳይቀር ይገባ ነበር። በየአውድማው የጤፍ ክምር ቆሟል። ጥቁር እንጭኒ ላይ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አንድ ሻይ በፓስቲ ቀማመስኩ።

ሸነን፣ አምስት ሰዓት

የተቀበሉኝ የሴቶቹ እድር አባል ወይዘሮ ጫልቱ ናቸው። ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ በይፋ ከተናገሩ ወዲህ፣ በእድሩ ድግስ ውሃ ከመቅዳት በቀር ድስት እንዲነኩ አይፈቀድላቸውም።

«ሌሎቹ ምርመራ የሚፈሩት እኔን አይተው ነው» አሉኝ። «ዛሬ ጨጨብሳ ሠርቻለሁ። ኦቦ ታደሰ፣ እርስዎ ከቀመሱ እነሱም ይቀምሳሉ። ወደ ድስቱም ይመልሱኛል።»

«ምን ችግር አለ!» አልኩ።

በእድሩ አዳራሽ ጽሑፌን አነበብኩ። «አብሮ መብላት ቫይረሱን አያስተላልፍም» የሚለው ላይ ስደርስ ሴቶቹ አጨበጨቡ። ወዲያው ወይዘሮ ጫልቱ ሳህኑን ከፊቴ አኖሩት። ቅቤው ያብረቀርቃል። ቂጣውን በጣቶቻቸው እንደቆራረሱት አሰብኩ፤ እጄም አልዘረጋ አለኝ።

«ይቅርታ፣ ጾም ይዣለሁ» አልኩ።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ሳቁ። «ያ ዋቃዮ! ጥምቀት ባለፈ ማግስት፣ ሐሙስ ቀን? አምቦ አዲስ ጾም ወጣ እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያም ሴቶቹ «እንግዲያው እኛም ጿሚ ነን» እየተባባሉ ነጠላቸውን አጣፍተው አንድ በአንድ ወጡ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን እጄን ወደ ሳህኑ ሰደድኩ። ወይዘሮ ጫልቱ ቀድመው ከደኑት።

«ይተዉት። ማየት የነበረባቸው ሄደዋል» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «መንገድዎ ሩቅ ነው፣ እንዳይመሽብዎ።» እስከ መናኸሪያውም ሸኙኝ።

አምቦ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ቤት እንደገባሁ የጉዞ ሪፖርቱን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ቅጹ «ያጋጠመ ችግር» የሚል ቦታ አለው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እዚያ ላይ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት» ብዬ ስጽፍ ኖሬአለሁ። አሁንም እጄ በልማድ «የኅብረተሰቡ» ብሎ ጀመረ። ሰረዝኩትና እንዲህ ጻፍኩ፦ «የመልእክቱ አዘጋጅ የቀረበለትን ምግብ አልቀመሰም፤ ስለ ምክንያቱም ዋሸ።» ፈርሜም በማግስቱ አስገባሁት።