ያልተቆረጡት ገጾች

ኬንያ ሞያሌ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። እንደ እናቴ ከኢትዮጵያ ተሰዶ የመጣ ነው፤ ከተማው በስዋሂሊ «ሙዋሊሙ»፣ መምህር፣ እያለ ብድግ ይልለታል። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አልለውም።

በእጁ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይዟል።

«ጋሼ፣ ያውሱኛል?» አልኩት።

ወረፋ ወደሚጠብቁት ሴቶች ዞሮ ሳቀ። «ቀሚስ መሰለሽ እንዴ? እኛ ዩኒቨርሲቲ ዓመት ሙሉ ያጠናነው ነው። ሳይማሩት አይነበብም።» ከዚያ መጽሐፉን የስፌት መኪናዬ ላይ ወረወረው። «በይ ውሰጂ። አሥር ገጽ ከገፋሽ ንገሪኝ።»

ሴቶቹም ሳቁ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ያነበብኩት በእልህ ነው። አንዲት ሴት ወጥ ቤቷ ተቀምጣ የምታስበው ሁሉ ያለ አራት ነጥብ ይፈሳል። መጀመሪያ ዞረብኝ። እናቴ ጎን ተቀምጬ እያነበብኩ በአማርኛም በኦሮምኛም ስነግራት ግን እሷ በሳቅ ሞተች። «ይቺማ አክስትሽ ናት! ሽንኩርት ስትገዛ ሟች ባሏን ትሰድባለች፣ ተመልሳ ሽንኩርቱን ትከራከራለች።» ከዚያ በኋላ የገባኝን ይዤ ያልገባኝን እያለፍኩ ሄድኩ፤ ደስታው አልጎደለብኝም።

መካከሉ ላይ ስደርስ ገጾቹ አልገለጥ አሉ። ሲታተም ጠርዛቸው ሳይቆረጥ ቀርቷል። እስከ መጨረሻው ድረስ እንደተጣበቁ ናቸው። ሰውዬው አላነበበውም!

ምላጭ አጠገቤ ነበር። የሴትዮዋ መጨረሻ እያንገበገበኝ አልቆረጥኩትም። አንድ ወር ጠበቅሁ።

ሙዋሊሙ በየወሩ አንድ እሁድ ከሰዓት ሻይ ቤት ውስጥ ስለ መጻሕፍት ያስረዳ ነበር። ሄጄ ከፊት ተቀመጥኩ።

«እህ፣ አሥር ገጽ ሞላሽ?» አለኝ፤ ሰዉ ሳቀ።

«መጨረሻው ከበደኝ ጋሼ። ሴትዮዋ ምን ትሆናለች?»

«ትሞታለች» አለ ሳያመነታ። «ሞቷ የዘመኑ ሞት ምልክት ነው።» ረጅም ትንታኔ ሰጠ። አላቋረጥኩትም፤ እንዲያውም እንዲረዝም ጸለይኩ።

ሲጨርስ መጽሐፉን ሰጠሁት። «እስቲ የምትሞትበትን ያንብቡልን።»

ገለጠ። እንደገና ሞከረ። ጣቱ የታጠፈው ወረቀት ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«ምላጭ ይዣለሁ» አልኩና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

ከኋላ አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም። መጽሐፉን ትቶ ወጣ። ያ ስብሰባ ከዚያ ወዲህ ተደርጎ አያውቅም።

ቤት ገብቼ ገጾቹን ቆረጥኩ። ሴትዮዋ አትሞትም። ባቄላ እየፈለፈለች ጎረቤቷን ታማለች።

«ሽበቱን ባከበርሽ» የሚሉኝ አሉ። ሰምቻቸዋለሁ፤ አልጸጸተኝም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ይሻገራል፣ እኔም እስኪሻገር ቆሜ አየዋለሁ። የመጽሐፉ አራተኛ ምዕራፍ ግን ዛሬም አልገባኝም። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለቴም ደስ ብሎኛል።